ከቴአትሮ ፕራጋ መሥራቾች አንዱ ብሔራዊ ቴአትሩን ያዘ፤ መሥራች ሲወጣ ስብስብ ምን ይሆናል?

መጋረጃ (ክር ከፋች)
ሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። በውጭ አገር ቴአትር ክፍላችን ስለ እንግሊዝና ስለ ፈረንሳይ ብዙ ተብሏል። ፖርቱጋልን ግን ማንም አላነሳም። ዛሬ እኔ ላንሳ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቴአትሮ ፕራጋ በ1995 ሊዝበን ላይ የተቋቋመ የቴአትር ስብስብ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፔድሮ ፔኒም ይባላል። የ1975 ልጅ ነው፤ ስብስቡ ሲጀመር ገና 20 ዓመት አካባቢ ነበር ማለት ነው። የስብስቡ ስም ሲነሳ አብረው የሚጠሩት ደግሞ አንድሬ ቴኦዶዚዮ፣ ክላውዲያ ዣርዲምና ጸሐፌ ተውኔቱ ዦዜ ማሪያ ቪየይራ ሜንድስ ናቸው። ቪየይራ ሜንድስ የገባው ዘግይቶ፣ በ2008 ነው።

እነዚህ ልጆች ከመጀመሪያው አንድ ነገር አንፈልግም አሉ፤ አዘጋጅ። አንድ ሰው ከፊት ተቀምጦ «እዚህ ቁም፣ እንዲህ በል» የሚልበትን አሠራር አልተቀበሉም። ብዙዎቹን ሥራዎች በስብስቡ ስም ነው ያወጡት። በ2010 በቤሌም የባህል ማዕከል የሼክስፒርን የበጋ ሌሊት ሕልም ከእንግሊዛዊው አቀናባሪ ከፐርሴል ሙዚቃ ጋር አዋህደው በትልቅ መድረክ አቀረቡ። በ2014 ደግሞ የፖርቱጋልን ሕዝባዊ ሪቪዩ፣ ማለትም ዘፈን፣ ቀልድና የፖለቲካ ሽሙጥ የሚቀላቀልበትን ትርኢት፣ ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ አስገቡት። ያ ዓይነቱ ትርኢት የሚታወቀው ፓርኬ ማየር በሚባለው የሊዝበን የመዝናኛ ሰፈር ነው። የተማረው ክፍል ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። እነሱ ግን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመትና አምባገነኑን ሥርዓት የጣለውን የ1974ቱን አብዮት 40ኛ ዓመት በዚያ መልክ አሳዩበት።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። በ2021 ፔኒም የዳግማዊት ዶና ማሪያ ብሔራዊ ቴአትር ጥበባዊ ዳይሬክተር ሆነ። አለቃ አልፈልግም ያለ ስብስብ መሥራች የአገሪቱን ትልቁን የቴአትር ወንበር ያዘ። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ክህደት ነው የሚያየው። እኔ አልስማማም። ስብስብን በትክክል የመሠረተ ሰው ጥሎት መሄድ መቻል አለበት እላለሁ። ፕራጋም ያለ እሱ ቀጥሏል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ጥናት ላይ
ሰኞ፣ ምሽት 2፡45

መጋረጃ አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ርዕስ ነው። የቴአትር ተማሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አዘጋጅ ከሌለ ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል? እኛ አምስት ሆነን አንድ ትዕይንት ስንሠራ እንኳ መግባባት አቅቶን ግማሹ ሰዓት በክርክር ያልቃል። መጨረሻ ላይ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ያሸንፋል። እነሱ ጋ ይህ አይፈጠርም?

---

ቀይ ወንበር
ሰኞ፣ ምሽት 3፡20

ጥናት ላይ፣ ጥያቄሽ ቁልፍ ጥያቄ ነው። ስለ ፕራጋ የውስጥ አሠራር ከመገመት፣ በደንብ ስለማውቀው ሌላ ቡድን ልንገርሽ። መጨረሻው እዚያው ፖርቱጋል ይመልሰናል።

ቲጂ ስታን የሚባል የቤልጂየም ስብስብ አለ። በ1989 ከአንትወርፕ ኮንሰርቫቶሪ የወጡ ተዋናዮች ናቸው የመሠረቱት። አዘጋጅ የላቸውም። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጽሑፉን ያነባሉ፤ ትርጉሙን ከሌላ ትርጉም ጋር ያመሳክራሉ፤ ቃል በቃል ይጨቃጨቃሉ። ይህ ሳምንታት ይወስዳል። መድረክ ላይ የሚወጡት ለመክፈቻው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። አየሽ፣ ክርክሩን አላስቀሩትም። ቦታ ነው የሰጡት። ሁሉም ሰው ጽሑፉን እኩል ካወቀው ድምፁ ከፍ ያለው ብቻውን አያሸንፍም። መድረክ ላይ ማን የት እንደሚቆም ደግሞ የዚያኑ ምሽት ተያይተው ይወስናሉ።

በ1997 አንድ የ20 ዓመት ፖርቱጋላዊ የድራማ ተማሪ እነዚህን ሰዎች አገኛቸውና ትምህርቱን ትቶ አብሯቸው መሥራት ጀመረ። ቲያጎ ሮድሪጌስ ይባላል። በ2003 ከማግዳ ቢዛሮ ጋር ሆኖ ሊዝበን ላይ ሙንዱ ፐርፌይቱን መሠረተ። ቋሚ የተዋናይ ቡድን አልነበራቸውም። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው ይጋብዛሉ። ይኸው ሰው ነው ከፔኒም በፊት ብሔራዊ ቴአትሩን የመራው። ከዚያ የፈረንሳዩን የአቪኞን የቴአትር ፌስቲቫል እንዲመራ ተመረጠ። ያንን ፌስቲቫል የመራ የመጀመሪያው የውጭ አገር ዜጋ ነው።

---

አሮጌ መድረክ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ልጆች፣ የጻፋችሁትን በደስታ አነበብሁት። ግን መጋረጃ፣ አንድ ነገር ዘለልህ። «መሥራች ጥሎ መሄድ መቻል አለበት» ብለህ ደመደምህ። ስለ ኮርኑኮፒያ ሳትናገር ይህንን ማለት አይቻልም።

ቴአትሮ ዳ ኮርኑኮፒያን በ1973 የመሠረቱት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሉዊስ ሚጌል ሲንትራና ዦርዥ ሲልቫ ሜሎ። የተዋወቁት በሊዝበን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የቴአትር ቡድን ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የሞሊየር ሚዛንትሮፕ ነበር። ያኔ ሳንሱሩ ገና አለ። አምባገነኑ ሥርዓት የወደቀው በ1974 ነው። በ1975 ቴአትሮ ዶ ባይሮ አልቶ የሚባለውን አዳራሽ ያዙ። ከዚያ አልወጡም። የመድረኩን ገጽታ ለዓመታት የሠራችው ክሪስቲና ሬይስ ናት። ከ100 በላይ ሥራዎች አቅርበዋል። ተዋናይ ለመሆን የፈለገ የሊዝበን ልጅ ሁሉ እዚያ አዳራሽ ሄዶ ሲንትራን አይቷል።

በዲሴምበር 2016 ዘጉት። ሲንትራ ራሱ ነው የዘጋው። በሚሰጣቸው ገንዘብ እንደሚፈልጉት መሥራት አልቻሉም፤ በግማሽ ልብ መቀጠልም አልፈለገም። የመጨረሻው ቀን ፕሬዚዳንቱ ማርሴሎ ሬቤሎ ዴ ሶዛ ሳይቀር መጣ። መፍትሔ እንፈልግ ቢባልም ቤቱ ተዘጋ።

እኔ ይህንን ውድቀት አልለውም። አንድ ሥራ የሰው እጅ አለበት። ያ እጅ ሲቆም ሥራው ቢቆም ምን ነውር አለው? ስሙን ይዞ፣ ውስጡ ሌላ ሰው ሞልቶበት የሚቀጥል ቡድን ብዙ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

---

መጋረጃ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ጋሼ፣ ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። ኮርኑኮፒያን ስላነሱት ደስ ብሎኛል። ሲንትራ የዘጋበት መንገድ የተከበረ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን ሁለተኛውን መሥራች ይመልከቱልኝ። ሲልቫ ሜሎ በ1979 ከኮርኑኮፒያ ወጣ። በርሊን ሄዶ ከአዘጋጁ ከፒተር ሽታይን ተማረ፤ ሚላን ሄዶ ከአዘጋጁ ከስትሬለር ተማረ። ፊልም ሠራ። በ1995 ደግሞ አርቲስታስ ዩኒዶስን መሠረተ። ልብ ይበሉ፣ ፕራጋ የተመሠረተበት ዓመት ነው። ባይሮ አልቶ በሚባለው የሊዝበን ሰፈር ውስጥ «አ ካፒታል» የሚባል ጋዜጣ ይታተምበት የነበረ አሮጌ ሕንፃ ገብተው ቴአትር አደረጉት። በ2002 ማዘጋጃ ቤቱ አስወጣቸው። እነሱም ከቦታ ቦታ እየተንከራተቱ ቀጠሉ። ሲልቫ ሜሎ በማርች 2022 እስኪያርፍ ድረስ የወጣት ጸሐፊዎችን ተውኔት መድረክ ላይ ሲያወጣ ነበር።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ማን መሰለዎት? ዦዜ ማሪያ ቪየይራ ሜንድስ። እሱ ነው በ2008 ወደ ፕራጋ የሄደው። እንግዲህ መንገዱን ይከተሉት። ከኮርኑኮፒያ አንድ መሥራች ወጣ። የወጣው ሰው ሌላ ቤት ሠራ። ያ ቤት ጸሐፊ አወጣ። ጸሐፊው ፕራጋን አጠናከረ። ፕራጋ ደግሞ ለብሔራዊ ቴአትሩ መሪ ሰጠ። ሲልቫ ሜሎ በ1979 «የመሠረትሁት ቤት ነው፣ አልወጣም» ቢል ኖሮ ይህ ሰንሰለት አይኖርም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2011 ወዲህ ዶና ማሪያን የመሩትን ሦስቱን ሰዎች በተርታ ያስቀምጧቸው። ዦዋዎ ሞታ፣ በ1972 ኮሙናን የመሠረተ። ቲያጎ ሮድሪጌስ፣ በ2003 ሙንዱ ፐርፌይቱን የመሠረተ። ፔኒም፣ ከፕራጋ። ሦስቱም የገለልተኛ ቡድን መሥራቾች ናቸው። በቢሮ መሰላል ያደገ አንድም የለም።

---

ዳር ተመልካች
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡05

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ግን ተረሳ። ስለ መሥራቾች ፍልስፍና እያወራን የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አንጠይቅም።

ፖርቱጋል ውስጥ ገለልተኛ ቡድኖች በአብዛኛው የሚተነፍሱት በመንግሥት ድጋፍ ነው። የጥበባት ዋና ዳይሬክቶሬት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ቡድኖች ይወዳደራሉ፤ ያለፉት የሁለት ወይም የአራት ዓመት ድጋፍ ያገኛሉ። ያላለፉት ቀጣዩ ዙር እስኪመጣ ጾማቸውን ያድራሉ። በ2011 በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ የባህል ሚኒስቴሩ ራሱ ታጠፈና ወደ ጽሕፈት ቤት ወረደ። የተመለሰው በ2015 ነው። በ2018 የውድድሩ ውጤት ሲወጣ ደግሞ አንጋፋ ቡድኖች ሳይቀሩ ወደቁ። አርቲስቶች በበርካታ ከተሞች አደባባይ ወጡ። መንግሥት ገንዘብ ለመጨመር ተገደደ።

ስለዚህ መሥራች ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲሄድ ክህደት ነው የምትሉት ሰዎች፣ እስኪ አስቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ የሠራ ሰው ነው። እኔ አልፈርድበትም።

የፕራጋ ብልሃት ሌላ ነው። ሩዋ ዳስ ጋይቮታስ 6 የሚባል ትንሽ ቦታ ሊዝበን መሐል ያስተዳድራሉ። ለራሳቸው ብቻ አላደረጉትም። ጀማሪ አርቲስቶች እዚያ ይለማመዳሉ፣ ያሳያሉ። ስም ለሌለው ወጣት በር የተከፈተበት ቤት ነው። ስብስቡን ከመሥራቹ በኋላ ያቆመው ይህ ይመስለኛል።

---

ንጋት
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡40

እስካሁን የተዘረዘሩትን ስሞች ደግሜ አነበብኋቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሁሉም ነጮች ናቸው። ሊዝበን ግን የአንጎላ፣ የኬፕ ቨርዴ፣ የጊኒ ቢሳውና የሞዛምቢክ ልጆች የሞሉባት ከተማ ናት። «መሥራች» ስንል እነሱ የት ገቡ?

ሦስት ሴቶች ልጨምርላችሁ። ክሌዎ ዲያራ የተወለደችው ኬፕ ቨርዴ ነው። ናድያ ይራሴማ አንጎላ ነው። ኢዛቤል ዙዋ ሊዝበን ተወልዳ በወላጆቿ ከአንጎላና ከጊኒ ቢሳው ናት። ሦስቱም ተዋናዮች ናቸው። ጥቁር ተዋናይት የምታገኘው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሆነ በራሳቸው ላይ አዩት። ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው አዘጋጁ፣ ራሳቸው ተጫወቱ። በ2020 አውሮራ ኔግራ የሚባለውን ሥራ ዶና ማሪያ ላይ አቀረቡ። ለወጣት አርቲስቶች በሚሰጥ የአሜሊያ ሬይ ኮላሱ የድጋፍ ሽልማት ነው የተሠራው። መድረኩ ላይ ፖርቱጋልኛ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ የኬፕ ቨርዴው ክሪዮልና የአንጎላው ቾክዌ ቋንቋም ይሰማል። ይህ የሆነው በዋና ከተማዋ በሮሲዮ አደባባይ፣ በአገሪቱ ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ መሆኑን አስቡት። በ2025 ደግሞ ክሌዎ ዲያራ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ «አን ሰርተን ረጋር» በሚባለው ዘርፍ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች።

ሆቴል ኤውሮፓም መነሳት አለበት። አንድሬ አማሊዮና ቼካዊቷ ቴሬዛ ሃቭሊችኮቫ የመሠረቱት ነው። ሰው ቃለ መጠይቅ አድርገው፣ ሰነድ ቆፍረው ስለ ቅኝ ግዛት ይሠራሉ። በ1934 ፖርቶ ላይ ለተደረገው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን የተሳለ አንድ ካርታ አለ። አንጎላንና ሞዛምቢክን አንሥቶ አውሮፓ ላይ ይለጥፋቸዋል። «ፖርቱጋል ትንሽ አገር አይደለችም» ይላል። ትምህርት ቤት ሁሉ ተሰቅሎ ነበር። እነሱ በ2015 ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለሥራቸው ርዕስ አደረጉት። ከቅኝ ግዛቶቹ ስለተመለሱ ሰዎች ትዝታ ነው። እኔ አባቶቹ ያላወሩትን ልጅ ሲጠይቅ ማየት ነው ልቤን የነካኝ።

---

አሮጌ መድረክ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ንጋት ልጄ፣ ተባረኪ። ይህ መነሳት ነበረበት። የጠቀስሻት ሬይ ኮላሱ ራሷም ተዋናይትና የቡድን መሪ ነበረች። ከባሏ ከሮብሌስ ሞንቴይሮ ጋር ከ1929 ጀምሮ ዶና ማሪያን ለአሥርት ዓመታት መርታለች። በዲሴምበር 1964 ማክቤዝን እያሳዩ በነበሩበት ሰሞን ሕንፃው ተቃጠለ። እንደገና የተከፈተው በ1978 ነው። አንድ ትውልድ ብሔራዊ ቴአትር ሳያይ አደገ ማለት ነው። ኮርኑኮፒያና ኮሙና የተወለዱት በዚያ ባዶ ዘመን ነው። መሥራቾች ለምን እንደበዙ ከዚህም መገመት ይቻላል።

መጋረጃ፣ የሲልቫ ሜሎን መንገድ በደንብ አሳየኸኝ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ትልቅ ተቋም ሰውን ይለውጣል። ስብስብ የለመደ ሰው ብሔራዊ ቴአትር ሲገባ ስብሰባና በጀት ይውጠዋል። የስብስቡ መንፈስ የት ይሄዳል?

---

ቀይ ወንበር
ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

ጋሼ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱን በሮድሪጌስ ሥራዎች ላይ አየዋለሁ። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

ሙንዱ ፐርፌይቱ እያለ፣ በ2012፣ «ከጉልበት በታች ሦስት ጣት» የሚል ሥራ ነበረው። ጽሑፉ ከየት መጣ? ከሳንሱር ሠራተኞች ሪፖርት። በአምባገነኑ ዘመን ተውኔት ከመታየቱ በፊት ሳንሱር ያነበው ነበር። ይህ ይውጣ፣ ያ ይቆረጥ ይላል። የተዋናይቷ ቀሚስ እንኳ ከጉልበት በታች ስንት ጣት መውረድ እንዳለበት ይወስናል። ሮድሪጌስ እነዚያን ትዕዛዞች ከመዝገብ ቤት አወጣና ቃለ ተውኔት አደረጋቸው። ኢዛቤል አብሬውና ጎንሳሉ ዋዲንግተን ተጫወቱት። የሳንሱሩ ሰው ሳይፈልግ ጸሐፌ ተውኔት ሆነ። በእኔ ሚዛን ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በ2013 «ባይ ሃርት» መጣ። መድረኩ ላይ አሥር ወንበር አለ። አሥር ተመልካች ወጥቶ ይቀመጥባቸዋል። የሼክስፒርን 30ኛ ሶኔት በቃላቸው መያዝ አለባቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች ሁሉም አብረው ያጠናሉ። የቀሩትን አሥሩን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ያካፍላል። አንድ ሰው ከረሳ ግጥሙ ይጎድላል። መነሻው ዓይኗ እየጠፋ የሄደችው አያቱ ናት። ማንበብ ሳትችል ከመቅረቷ በፊት አንድ መጽሐፍ በቃሏ መያዝ ፈለገች። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ተዋናይ ያልሆኑ አሥር ሰዎች በአንድ ምሽት ስብስብ ሆኑ።

ብሔራዊ ቴአትሩን ከያዘ በኋላ፣ በ2017፣ «ሶፕሩ» የሚለውን ሠራ። ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ከጀርባ ሆና በሹክሹክታ የምታስታውስ ሠራተኛ ነበረች፤ ክሪስቲና ቪዳል። ከ25 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ኖራለች። ተመልካች አይቷት አያውቅም። መድረክ መሐል አወጣት። ጥቁር ልብስ ለብሳ ከተዋናዮቹ መካከል እየተዘዋወረች ቃሉን ታንሾካሹካለች። ለእኔ የስብስብ መንፈስ የሚታየው እዚህ ነው። ቢሮ ገብቶ በመጀመሪያ ያየው ከጀርባ ያለችውን ሠራተኛ ነው። ጋሼ፣ ተቋሙ የዋጠው ሰው እንዲህ አይሠራም።

---

ዳር ተመልካች
ረቡዕ፣ ምሽት 12፡50

ፔኒምም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። እሱ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2023፣ የሮሲዮው ሕንፃ ለእድሳት ተዘጋ። ቁጭ ብለው አልጠበቁም። «ብሔራዊ ኦዲሴይ» ብለው ቴአትሩን ይዘው አገር ለአገር ዞሩ። ብሔራዊ ቴአትር አይተው የማያውቁ ትንንሽ ከተሞች ደረሱ። ገለልተኛ ቡድን ያሳደገው ሰው ቤት ሲዘጋበት አይደነግጥም።

---

ጥናት ላይ
ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30

ከዚህ ክር ብዙ ተማርኩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠረጴዛውን አሠራር ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። የሚቀጥለውን ትዕይንት እንደዚያ ልንሞክር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ መሥራቾቹ ሁሉ ተዋናይ ወይም ጸሐፊ መሆን አለባቸው? ከመካከላችን አንዱ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው። መድረክ ላይ መውጣት አይፈልግም።

---

ንጋት
ረቡዕ፣ ምሽት 3፡00

በጭራሽ አያስፈልግም። ማላ ቮዋዶራን ተመልከቺ። በ2003 ሁለት ሰዎች መሠረቱት። አንዱ ሞዛምቢክ የተወለደው ተዋናይ ዦርዥ አንድራዴ ነው። ሌላው ዦዜ ካፔላ አርክቴክት ነው። የመድረኩን ገጽታ የሚሠራው እሱ ነው፤ እኩል መሥራች ነው። ጓደኛሽ ጠረጴዛው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ። ጽሑፉን አብሯችሁ ያንብብ። ሁሉ ካለቀ በኋላ «እስኪ ግድግዳ ሥራልን» እንዳትሉት።

---

አሮጌ መድረክ
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡45

ንጋት ያለችው ልክ ነው። ክሪስቲና ሬይስም ኮርኑኮፒያ ውስጥ ግድግዳ ሠሪ አልነበረችም፤ ከሲንትራ ጋር ሆና ቤቱን የመራች ሰው ናት። ጥናት ላይ፣ ከኔ አንድ ምክር ውሰጂ። ስም ከማውጣታችሁ በፊት አንዳችሁ ብትወጡ ስሙ ለማን እንደሚቀር ተነጋገሩና ወረቀት ላይ አስፍሩት። ጓደኝነታችሁ ደህና እያለ አድርጉት።

መጋረጃ፣ አሁንም ሲንትራ መዝጋቱ ልክ ነበር እላለሁ። አዳራሹ ግን ባዶውን እንዲቀር አልተመኘሁም። ከ2019 ጀምሮ ያው አዳራሽ የማዘጋጃ ቤት ቴአትር ሆኖ ለወጣት አርቲስቶች ተከፍቷል። ይህ ደስ ብሎኛል።

---

መጋረጃ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡40

ጋሼ፣ በዚህስ ተስማማን። ለቅዳሜ ስለ ኦ ባንዱ ሌላ ክር እከፍታለሁ። በ1974 በእነ ዦዋዎ ብሪቴስ የተመሠረተ ነው። ከሊዝበን ወጥተው ፓልሜላ አካባቢ እርሻ ውስጥ ነው የሚሠሩት። አብዮቱ በተነሳበት ዓመት ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የቆየ ቡድን ስለሆነ እርስዎ የሚሉትን ቀድሜ መስማት እፈልጋለሁ።